ራጁ ንጹህ ነው ተባለ፣ ልጁ ግን አይረግጥም

ቅዳሜ ከሰዓት ሽምብጥ ሰፈር ኳስ ሲጫወት ወደቀ። የእህቴ ልጅ ነው፣ ስምንት ዓመቱ። ተነስቶ ጨዋታውን ጨረሰ። ከወደቀ በኋላ ጎል ሁሉ አግብቷል፤ ይህን እሱ ራሱ ደጋግሞ ነግሮኛል። እሁድ ማታ ትኩሳት ያዘው። ሰኞ ጠዋት ከአልጋ ሊወርድ ሲል ቀኝ እግሩን መሬት ማስነካት አቃተው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የባሕር ዳር ሰው ሳልነግረውም ይገምተዋል። መጀመሪያ «ወባ ይሆናል» ተባለ። ተመረመረ፣ የለም። ደሙ ለሌላ ታየና «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባለ፤ ክኒን ታዘዘ። ማክሰኞ ወጌሻ ተጠራ። ሐሙስ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ተገዛ፣ ያለ ማዘዣ። ዓርብ ትኩሳቱ በረድ ሲል ሁላችንም እፎይ አልን። እሁድ ግን ጭኑ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ አብጦ አደረ። ሰኞ ራጅ ተነሳ። ባለሙያው ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና «አጥንቱ ንጹህ ነው፣ ስብራት የለም» አለን።

ስብራት አለመኖሩ እውነት ነው። አጥንቱ ውስጥ ግን መግል ነበር።

በሕክምናው ቋንቋ ኦስቲኦማይላይትስ ይሉታል። በአማርኛ የአጥንት ኢንፌክሽን ቢባል ይገባናል። የልጆችን የጭን አጥንት ደጋግሞ ይይዛል፣ በተለይ ከጉልበት በላይ ያለውን ጫፉን። ቶሎ ከተያዘ በአብዛኛው ያለ ጠባሳ ይድናል። ከዘገየ ዕድሜ ልክ ይከተላል። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ የአንድ ሳምንት ጉዳይ ነው። እኛ ዘጠኝ ቀን ፈጀን። ያን ያህል ያዘገየን ድህነት አልነበረም፣ ርቀትም አልነበረም። በየቀኑ አንድ ሌላ ስም ስንሰጠው ነው የዘገየነው።

አጥንትን ብዙ ሰው እንደ ድንጋይ ያስበዋል። ቅልጥም ሰብሮ የበላ ግን ያውቃል፤ ውስጡ እርጥብ ነው፣ ቅባትና ደም ነው። የልጅ አጥንት ደግሞ ስለሚያድግ ከአዋቂው የበለጠ ደም ይፈልጋል። የጭን አጥንት የሚያድገው ከመሀሉ አይደለም፤ በጫፎቹ አጠገብ ካለ ስስ ንጣፍ ነው። ከጉልበት በላይ ያለው ንጣፍ ብቻውን ከአጥንቱ ርዝመት 70 በመቶውን ያህል ይሠራል። ለዚህ ሥራ ጥቃቅን የደም ሥሮች ንጣፉ ድረስ ይመጡና፣ መውጫ የሌለው ቅያስ ውስጥ እንደገባ ባጃጅ እዚያው ዞረው ይመለሳሉ። መዞሪያው ላይ ደሙ ይዘገያል። ባክቴሪያን የሚውጡት ሴሎችም እዚያ ቦታ ላይ ሳሳ ይላሉ። በደም ተሳፍሮ ለሚዞር ባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ መውረጃ አይገኝም።

ባክቴሪያው ከየት መጣ? ከሩቅ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ነው። ከ10 ሰው የሦስቱ ያህል አፍንጫ ውስጥ ማንንም ሳይጎዳ ይኖራል። ቆዳ ላይ እባጭ የሚያወጣውም እሱ ነው። ልጅ ጉልበቱን ይጭራል፣ የወባ ትንኝ የነደፈችውን ያካል፣ በባዶ እግሩ ሐይቁ ዳር ሲሮጥ የደንገል ጉቶ ይወጋዋል። በዚያች ቀዳዳ ጥቂት ባክቴሪያ ደም ውስጥ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ጠራርጎ ያጠፋዋል። አንዳንዴ አንዱ ያመልጥና ያ መዞሪያ ላይ ይወርዳል። ቁስሉ እስከዚያ ድኖ፣ ተረስቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «የት ቆስሎ ነበር?» ተብላችሁ መልስ ብታጡ አትገረሙ።

ታዲያ መውደቁስ? ይህ ነው ሰውን ሁሉ የሚያሳስተው። ከዚህ በሽታ ታማሚዎች ብዙዎቹ ጥቂት ቀን ቀደም ብለው የመውደቅ ወይም የመመታት ታሪክ አላቸው። ምናልባት ምቱ አጥንቱ ውስጥ ጥቂት ደም አፍስሶ ለባክቴሪያው ቦታ ያመቻች ይሆናል፤ ሐኪሞች እንዲህ ይጠረጥራሉ። ግን እስቲ አስቡት፤ የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ ያልወደቀበት ሳምንት አለ? በሽታው ወንዶችን ከሴቶች በእጥፍ ያህል ይይዛል፤ ወንዶቹ ደግሞ ሲወድቁ ነው የሚውሉት። ስለዚህ «ወድቆ ነው» የሚለው መልስ ሁሌም ዝግጁ ነው፣ ሁሌም እውነት ነው። ጥያቄውን እዚያው ይዘጋዋል።

ስብራትና ወለምታ ግን 39 ዲግሪ ትኩሳት አያመጡም። ወድቆ የተጎዳ እግር ያኔውኑ ያማል፣ ከዚያ እያደር ይሻለዋል። ይሄኛው ተቃራኒው ነው። ልጁ ወድቆ ተነስቶ ይጫወታል፣ ሕመሙ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይመጣል፣ እያደርም ይብሳል። ይህን ልዩነት ያኔ የነገረን ሰው ቢኖር ኖሮ ማክሰኞ ዕለት ወጌሻ ሳይሆን ሐኪም እንጠራ ነበር።

አሁን አጥንቱ ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ፤ የችኮላው ምክንያት እዚያ ነው። ሥጋ ላይ እባጭ ሲወጣ ቆዳው ይለጠጥለታል። አጥንት አይለጠጥም። መግሉ በጠባብ ቦታ ውስጥ እየተጠራቀመ ሲሄድ ግፊቱ ይጨምራል፣ የደም ሥሮቹንም ይጨፈልቃል። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ የሚያመው ግፊቱ ነው። መግሉ መውጫ ሲፈልግ በአጥንቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣና የአጥንቱን ስስ ሽፋን ከአጥንቱ ይገሸልጠዋል። የልጆች ሽፋን ልል ስለሆነ በቀላሉ ይላቀቃል። አጥንቱ ደም የሚያገኘው ከውስጥና ከዚህ ሽፋን ነበር። አሁን ሁለቱም ተቋረጡ። ደም ያጣ አጥንት ይሞታል።

የሞተ አጥንት ደግሞ ክፉ ጎረቤት ነው። መድኃኒት በደም ነው የሚሄደው፤ ደም የማይደርስበት ቦታ መድኃኒትም አይደርስም። ባክቴሪያው እዚያ ስንጣሪ ላይ ተለጥፎ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ሰውነት ስንጣሪውን በአዲስ አጥንት ሊከብበው ይሞክራል፣ መግሉ ግን ቀዳዳ ያበጃል። በየገጠሩ የምናውቀው አንድ ሰው አለ፤ ጭኑ ወይም ቅልጥሙ ላይ የማይድን ቁስል ያለበት፣ ክረምት ሲመጣ የሚከፈትበት፣ አንዳንዴ ከመግሉ ጋር ነጭ የአጥንት ስባሪ የሚወጣለት። ሰፈሩ «ነቀርሳ» ይለዋል፣ ወይም እርግማን። ብዙ ጊዜ ግን ከ20 ዓመት በፊት በልጅነቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ትኩሳት ይዞት ሲያነክስ «ወድቆ ነው» የተባለ ሰው ነው።

ወደ ራጁ ልመለስ። ራጅ የሚያሳየን የአጥንቱን ማዕድን ነው፣ በዋናነት ካልሲየሙን። መግልና እብጠት አጥንቱ ውስጥ ሲጀምሩ ማዕድኑ ገና አልተነካም። አጥንቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነውን ማዕድኑን ካላጣ ፊልሙ ላይ ጉልህ ለውጥ አይታይም። እዚያ ለመድረስ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጃል። እንግዲህ በመጀመሪያው ሳምንት ራጁ ንጹህ መሆኑ የሚጠበቅ ነገር ነው። ራጅ አይነሳ እያልኩ አይደለም፤ ስብራትንና ዕጢን ለመለየት ያስፈልጋል። ግን ንጹህ ራጅ ይዞ ወደ ቤት የሚሄድ፣ ትኩሳት ያለበትና የማይረግጥ ልጅ መኖር የለበትም። ራጁ ላይ አጥንቱ ብል እንደበላው ልብስ ሆኖ መታየት ሲጀምር ዋናው ጊዜ አልፏል።

በእኛ ጉዳይ ነገሩን የለወጠችው አንዲት ወጣት ሐኪም ናት። ራጁን አየችና ወደ ጎን አስቀመጠችው። እህቴን «እናት፣ መርገጥ ያቆመው በየትኛው ቀን ነው?» አለቻት። «ሰኞ።» «የዛሬው?» «አይ፣ ያለፈው።» ዝም አለች። ከዚያ ልጁን «ጎበዝ፣ መጀመሪያ ደህናውን እግርህን ልይልህ» አለችው። ከግራው ቁርጭምጭሚት ጀመረች። በአንድ ጣቷ ነው የምትጫነው፣ ቀስ እያለች። ዓይኗ እግሩ ላይ አልነበረም፤ ፊቱን ነው የምታየው። ወደ ቀኙ ዞረች። ቁርጭምጭሚት ደህና። ቅልጥም ደህና። ጉልበቱን ትንሽ አጠፍ አድርጎ ይዞታል፣ ግን አልጮኸም። ከጉልበቱ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ስትል ልጁ የእጇን አንጓ አፈፍ አድርጎ ያዘ። «በቃ፣ አገኘሁት» አለች።

ያ አንድ ጣት ከራጁ በልጦ ነበር። የላብራቶሪው ውጤት በኋላ ነው የደገፋት። ሲ አር ፒ የሚባለው የደም ምርመራ እብጠት በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ከፍ ይላል፣ መድኃኒቱ ሲሠራም ቶሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ ለመጠርጠርም ለመከታተልም ይጠቅማል። ኢ ኤስ አር የሚባለው ዘገምተኛ ነው፣ ለመውረድ ሳምንታት ይወስዳል። አልትራሳውንድ በአጥንቱ ሽፋን ሥር የተጠራቀመ መግል ካለ ያሳያል። ኤም አር አይ የሚባለው የምስል ምርመራ ከሁሉ ቀድሞ ያያል፣ ግን ውድ ነው፣ ወረፋም አለው። እሱን ሲጠብቁ ሕክምና ማዘግየት ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው።

ስለ «ታይፎይድና ታይፈስ» አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በዚህ ከተማ ትኩሳት ይዞት ደሙን ሰጥቶ ከሁለቱ አንዱ «ያልተገኘበት» ሰው ካለ ላየው እፈልጋለሁ። ምርመራው ባክቴሪያውን አይደለም የሚያየው፣ ሰውነት ያዘጋጀውን መከላከያ ነው። ያ መከላከያ ደግሞ ካለፈ ሕመም ሊቀር ይችላል፣ በሌላ ሕመምም ሊነሳ ይችላል። አንድ ጊዜ ተመርምሮ ፖዘቲቭ መሆን ብቻውን ብዙ አይነግርም። ጉዳቱ ግን የተሳሳተው ክኒን አይደለም። ጉዳቱ ስም መገኘቱ ነው። ስም የተገኘለት ትኩሳት ሌላ ምክንያት አይፈለግለትም። ልጁ አያነክስም እንዴ? ያነክሳል። «ታይፎይዱ አድክሞት ነው።» እኔ ራሴ ነኝ እንዲህ ያልኩት።

ወጌሻውን በተመለከተ ላጥላላው አልፈልግም። የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ አይቻለሁ፤ እጃቸው አዋቂ ነው። ማክሰኞ የመጡት አባባም ክፉ ሰው አይደሉም። እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ከጉልበቱ ወደ ላይ ማሸት ጀመሩ። «አይዞህ አባቴ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ ወለምታ ነው» ይሉታል። ልጁ ነጠላው ጭኑን ሲነካው እንኳ የሚጮህ ነበር። መግል የቋጠረ አጥንትን ማሸት ሕመሙን ያብሳል እንጂ የሚያስወጣው ነገር የለም። ከማሸቱ የባሰው ደግሞ በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር ነው። ያበጠ እግር ታስሮ ደም ሲያጣ እስከ መቆረጥ ይደርሳል፤ በአገራችን ሆስፒታሎች ይህን ያዩ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። በእኔ አስተያየት ወጌሻን ከመከልከል ይልቅ አንድ ነገር ማስያዝ ይሻላል፤ ከመንካቱ በፊት የእጁን ጀርባ ግንባሩ ላይ ያሳርፍ። የሚያተኩስ ልጅ ከሆነ አይሽ፣ ወደ ሐኪም ይላክ። ሰው ወጌሻን ያምናል። እሳቸው «ይሄ የእኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ቢሉን ኖሮ ያን ቀን ባጃጅ እንጠራ ነበር። የጠበሉም ነገር እንዲሁ ነው። ሕፃኑን ጠበል ወስዶ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም የወሰደ ሰው ምንም አልጎደለበትም። ሰባት ቀን ልጨርስ ያለው ግን ያቺኑ ሳምንት አጣት።

አሞክሳሲሊኑስ? እዚህ ላይ እፍረት አለብኝ፤ የገዛሁት እኔ ነኝ። ስታፊሎኮከስ አብዛኛው አሞክሳሲሊንን የሚሰብር ኬሚካል ያመነጫል። ዓርብ ዕለት ትኩሳቱን ያበረደው ምናልባት አብሮ የሰጠነው ፓራሲታሞል ይሆናል። የከፋው ግን ሌላ ነው። ባክቴሪያውን ለማጥፋት የማይበቃ መድኃኒት፣ ላብራቶሪ ውስጥ እንዳይበቅል ለማድረግ ግን ሊበቃ ይችላል። ሐኪሞቹ ደም ወስደው ለካልቸር ላኩ፣ ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አብቅሎ ለመለየት፤ ከመግሉም ላኩ። ምንም አልበቀለም። መድኃኒት ባይቀድምም የደም ካልቸር ከግማሽ በማይበልጡት ላይ ነው የሚያገኘው፤ እኛ ያቺንም ዕድል ሳናበላሽባቸው አልቀረንም። ስለዚህ ጠላቱን ሳያዩ ነው የተኮሱት። ለተራው ስታፊሎኮከስ ክሎክሳሲሊንን የመሰለ መድኃኒት ይበቃል። ያንን የተላመደው ዓይነት ከሆነ ግን እንደ ቫንኮማይሲን ያለ ሌላ ያስፈልጋል። የትኛው እንደሆነ የሚናገረው ካልቸሩ ነበር።

ማታውኑ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገባ። መግል ካልተጠራቀመ በመድኃኒት ብቻ የሚድኑ ብዙ ናቸው። ከተጠራቀመ ግን መውጣት አለበት። ጭኑን በጎን ከፍተው ሽፋኑ ሥር የነበረውን አወጡ፣ አጥንቱንም በትንሽ መሰርሰሪያ በሱት። «ቡሽ እንደተነቀለለት ጠርሙስ ነው የወጣው» አለን ቀዶ ሐኪሙ። ልጁ በዚያ ሌሊት ተኛ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠዋት ድረስ ተኛ። እህቴ እስኪነቃ ድረስ እየደጋገመች ትንፋሹን ታዳምጥ ነበር፤ ዝምታው አስፈርቷት።

ከፔኒሲሊን በፊት በነበረው ዘመን በዚህ በሽታ ከሚያዙ አምስት ልጆች ቢያንስ አንዱ ይሞት ነበር። ዛሬ በጊዜ የታከመ ልጅ በዚህ ሲሞት ብርቅ ነው። ሀብታም በሆኑት አገሮች በዓመት ከ100 ሺህ ልጆች 8 ያህሉን ነው የሚይዘው፤ እንደኛ ባሉት ከዚያ በጣም ይበዛል። የሕክምናው ርዝመትም ተለውጧል። ድሮ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በደም ሥር ነበር የሚሰጠው። የፊንላንድ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት 131 ልጆችን በሁለት ከፍለው ግማሹን 20 ቀን፣ ግማሹን 30 ቀን አከሙ፤ በደም ሥር የተሰጠው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ብቻ ነበር፣ ቀሪው በአፍ። ውጤቱ አልተለያየም። ይህ ለእኛ ትልቅ ዜና ነው። ገጠር ሌሎች ልጆቿን ትታ የመጣች እናት አንድ ወር ሙሉ ዎርድ ውስጥ መቀመጥ አትችልም። ከአልጋው ይልቅ የሚከብዳት የምግቡ፣ የመመላለሻው፣ የቀረው አዝመራ ነገር ነው። በሁለተኛው ሳምንት «በራሴ ፈቃድ ነው የምወጣው» ብላ ትፈርማለች። ግን አጭሩ ሕክምና የሚሠራው በጊዜ ለመጣ፣ ትኩሳቱ ቶሎ ለወረደ፣ ሲ አር ፒው ለቀነሰ ልጅ ነው። ለዘገየው አይደለም። የእኛው ዘጠኝ ቀን በደም ሥር፣ ከዚያ አምስት ሳምንት በአፍ ወሰደ።

በአፍ ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በየስድስት ሰዓቱ ነው፤ ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6። ምግብ ከመብላቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም ሁለት ሰዓት ቆይቶ። አባቱ ስልኩ ላይ የሌሊቱን ደወል ሞልቶ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ልጁ ምንም አያመውም፣ ደወሉ ግን ይጮኻል። ቤተሰብ መድኃኒት የሚያቆመው እዚያ ቦታ ላይ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ልጁ ድኖ ስለሚታይ ነው።

እስካሁን ያወራሁት የከተማ ልጅ ታሪክ ነው። ከሽምብጥ ሐኪም ቤት ለመድረስ ባጃጅ ይበቃል፣ ያም ሆኖ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብናል። ዘጌ ላይ ያለ ልጅስ? ከዚያ ባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ደቅ ደሴት ደግሞ የብዙ ሰዓት ጉዞ ነው፤ ጀልባም በየቀኑ አይገኝም፣ ማዕበል ሲነሳ ደግሞ ማንም አይወጣም። በየብስም ቢሆን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን ብዙ ነው። የመጀመሪያዋ ውሳኔ የምትወሰነው ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ላይ ነው። እዚያ ራጅ የለም፣ ካልቸር የለም። ግን ቴርሞሜትር አለ፣ ጣትም አለ። የሚያተኩስና እግሩን የማይረግጥ ልጅ ሲመጣ ወባው ኔጌቲቭ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ወደ ላይ መላክ ይቻላል፤ መንገዱ እንደማይገኝ ከታወቀ ደግሞ ከላይ ካለ ሐኪም ጋር በስልክ ተማክሮ መድኃኒቱን እዚያው መጀመር። የጤና መድህን ያለው ሰው በተለምዶ በሪፈር ሰንሰለቱ ማለፍ አለበት፤ ሪፈሩን የሚጽፈው ባለሙያ ወረቀቱ ላይ «የእግር ሕመም» ብሎ ከሚልከው «ትኩሳትና አለመርገጥ» ብሎ ቢልከው ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሲደርስ ተረኛው ሐኪም በሌላ ዓይን ያየዋል።

ሕፃናቱ ለብቻቸው ናቸው። የተወለደ ሕፃን ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። አይናገርም፣ አያነክስም። የሚታየው አንዱን እግር አለማንቀሳቀሱ ነው፣ ሽባ የሆነ ይመስላል። ዳይፐር ሲቀየርለት ይጮኻል። እናቶቻችን የሚያውቁት ሌላ ምልክትም አለ፤ ሲያዝሉት የሚያለቅስ ልጅ። ሌላው ልጅ ጀርባ ላይ ሲወጣ ነው ዝም የሚለው። ይሄኛው እግሩ ሲከፈት ነው የሚጮኸው። በዚያ ዕድሜ የደም ሥሮቹ ያን የእድገት ንጣፍ አልፈው ይሄዳሉ፤ የጭኑ አጥንት የላይኛው ጫፍም ዳሌው መገጣጠሚያ ውስጥ ነው ያለው። መግሉ መገጣጠሚያው ውስጥ ከገባ ሰዓታት እንጂ ቀናት አይጠበቁም።

አዋቂዎች ላይ መንገዱ ሌላ ነው። ባክቴሪያው በአብዛኛው በደም ሳይሆን በቀጥታ ይገባል፤ በመኪናና በሞተር አደጋ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ሲወጣ፣ በጥይት፣ አንዳንዴም ስብራት ለመጠገን በገባው ብረት ዙሪያ። እዚህም ሰዓት ነው ነገሩ። ክፍት ስብራት ያለበት ሰው አንቲባዮቲኩን ባገኘ ፍጥነት ይሻለዋል፣ ቢቻል በመጀመሪያው ሰዓት። ቁስሉ ላይ አፈር፣ ቡና ወይም ቅጠል አለማድረግ፣ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኖ መውሰድ ነው።

የእህቴ ልጅ አሁን ይሮጣል። መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ሊያሰፋ ሄደን ልብስ ሰፊው በሜትሩ አንዴ ለካ፣ ደግሞ ለካ። መነጽሩን አውልቆ እኔን አየኝ። «የቀኙ በአንድ ሳንቲም ይበልጣል ልበል?» አለ። እኔም መጀመሪያ የተሳሳተ መሰለኝ፤ ያጥራል ብዬ ነበር የምፈራው። ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን አስረዳን። በበሽታው ጊዜ ወደ አካባቢው የጎረፈው ደም ንጣፉን አነቃቅቶት ነው፤ ንጣፉ ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ ያጥር ነበር። ከሁለት ሳንቲም በታች ከሆነ ምንም አያስፈልገውም፣ እድገቱን እስኪጨርስ ግን በየዓመቱ ይለካል። ልብስ ሰፊው ሱሪውን ሁለቱንም እግር እኩል አድርጎ ሰፋው። በቀኙ በኩል ካልሲው ብቅ ይላል።